ሦስቱ ካርቶኖች የት ገቡ?

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የጎረቤታችን ልጅ ከቤቴ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ረዳትነት ከተቀጠረ ገና ስምንት ወሩ ነበረ። እንደ ልማዱ መጽሐፍ ሊዋስ የመጣ መስሎኝ ወንበር ሳብሁለት፤ እሱ ግን ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ፤ ሌባ ተብያለሁ» አለኝ።

«ማን አለህ?»

«በአፉ ማንም አላለኝም። በጽሑፍ ግን ጕድለት አለብህ ተብያለሁ። ሦስት ካርቶን ወረቀት የለም፤ ዋጋው ከደመወዝህ ይቈረጣል ብለውኛል።»

እንዲቀመጥ አድርጌ ነገሩን ከሥሩ ጠየቅሁት። መሥሪያ ቤቱ የሚገዛውን ዕቃ ድሮ በእጅ እየቈጠረ በመዝገብ ይጽፍ ነበረ፤ አሁን ግን በባርኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ይቀበላል። ብዙ ሰው ስካነር የሚለው ይህ መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ በማቆሚያው ተተክሎ ይቆማል፤ ሠራተኛው ካርቶኑን በፊቱ ያሳልፋል፤ ኮምፒዩተሩም አንድ ይደምራል። በመጨረሻ ድምሩ በሞዴል 19 ታትሞ ሲወጣ ተረካቢው ይፈርማል። ልጁም አንድ ቀን የመጡትን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶኖች እንዲሁ አሳልፎ፣ በወጣው ሞዴል 19 ላይ ፈርሞ ተረከበ። ወረቀቱ 43 ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ቈጣሪ ኮሚቴ ገብቶ ወጪ የሆነውንና በመጋዘን ያለውን ቢደምር 40 ብቻ ሆነ።

«አንተስ ስትረከብ ቈጥረህ ነበረ?» አልሁት።

«መሣሪያው ይቈጥር የለም እንዴ፣ ጋሼ!»

ይህን መልስ ብዙ ሰው የሚመልሰው ስለ ሆነ አልተቈጣሁትም።

«የነጋዴው የማስረከቢያ ወረቀትስ?»

«ከክፍያው ሰነድ ጋር ታስሮ ሒሳብ ክፍል ሄዷል። እሱ ይታይልኝ ብል፣ ኮምፒዩተር አይዋሽም አሉኝ።»

«መሣሪያው ሲያነብ ጢጥ ይላል አይደለም?»

«ይል ነበረ። ግን አጠገባችን ያሉት የሒሳብ ሠራተኛ ጩኸቱ ራሴን አመመኝ ስላሉ፣ ድምፁን አጠፋነው።»

ይህን ስሰማ የነገሩ ግማሽ ተገለጠልኝ። እኔ በመጻሕፍት ቤት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ከዚህ መሣሪያ ጋር ስለ ኖርሁ ጠባዩን ዐውቃለሁ። ኀላፊውን አስፈቅዶ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሄደን እንድናየው ተስማማን። እስከ ሰኞ ድረስ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ የሆነው ነገር እንዲገባህ ስለ መሣሪያው ራሱ ጥቂት ልንገርህ።

ባርኮድ የሚባለው በሳሙናው፣ በብስኩቱ፣ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የምናየው የጥቁር መሥመር ሰልፍ ነው። የሐሳቡ ጠንሳሾች ኖርማን ጆሴፍ ውድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ1948 በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ድሬክሰል በተባለው የትምህርት ተቋም፣ የአንድ የምግብ መደብር ሹም የሚሸጠውን ዕቃ በራሱ የሚመዘግብ ዘዴ እንዲፈለግለት ሲለምን ሲልቨር ሰማና ለጓደኛው ነገረው። ውድላንድ ሐሳቡን ይዞ ወደ ማያሚ ባሕር ዳር ወረደ። በልጅነቱ ቦይ ስካውት ሳለ የተማረውን የሞርስን የቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝ እያሰበ፣ ጣቶቹን በአሸዋው ላይ ተክሎ ወደ ራሱ ቢስባቸው መሥመር ሆኖ ወጣ። ነጥቡ ወደ ታች ሲሳብ ቀጭን መሥመር፣ ሰረዙ ሲሳብ ወፍራም መሥመር ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታየው። ኦክቶበር 7 ቀን 1952 የፈጠራ መብቱ ለሁለቱ ተሰጣቸው። ነገር ግን በዚያ ዘመን መሥመሩን የሚያነብ ርካሽ ብርሃንም ሆነ ንባቡን የሚቀበል ትንሽ ኮምፒዩተር ስላልነበረ ሥራው ተኝቶ ቀረ። ሲልቨር በ1963 ሲሞት የፈጠረው ነገር በአንድ ሱቅ እንኳ ሲሠራበት አላየም።

የኋላ ኋላ ጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ አገር፣ ትሮይ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማርሽ በተባለው መደብር አንድ ፓኬት ጁሲ ፍሩት ማስቲካ በመሣሪያው ፊት አለፈ፤ ዋጋው 67 ሳንቲም ተብሎ ተመዘገበ። በዚያ ማስቲካ ላይ የነበረውን የመሥመር ዐይነት ያወጣው የአይ ቢ ኤሙ መሐንዲስ ጆርጅ ሎረር ነው። ከእርሱ በፊት ሌላ ኩባንያ ያቀረበው ምልክት ክብ ነበረ፤ እንደ ኢላማ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ። ክብ ሲታተም ግን ማተሚያው ወረቀቱን በሚጐትትበት አቅጣጫ ቀለሙ ስለሚፈስ ቀለበቱ ይበላሻል። ቀጥ ያለው መሥመር ከወረቀቱ ጕዞ ጋር አብሮ ከታተመ ቀለሙ ቢፈስም መሥመሩ በርዝመት ይጨምራል እንጂ አይወፍርም፤ ንባቡም አይለወጥም። ስለ ስሕተት አስቀድሞ የማሰብን ብልኀት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ለመሐንዲሶቹ የተሰጣቸው ግዴታ «ከቶ አይሳሳት» የሚል አልነበረም፤ «ሳይታወቅ የሚያልፈው ስሕተት ከ20,000 ንባብ ከአንድ ይነስ» የሚል ነበረ። «ኮምፒዩተር አይዋሽም» ላሉት የኮሚቴው አባሎች ይህች ቍጥር ብትደርሳቸው መልካም ነበረ።

አሁን ወደ አነባበቡ እንለፍ። መሣሪያው ብርሃን ይረጫል፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። ነጩ ቦታ ብርሃኑን መልሶ ይልካል፤ ጥቁሩ ይውጠዋል። መሣሪያው የተመለሰለትንና የቀረበትን እያነጻጸረ የመሥመሩንና የባዶውን ስፋት ይለካል፤ ከስፋቱም አኀዙን ያወጣል። በዚህ የተነሣ በነጭ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም የታተመ ባርኮድ ለሰው ዐይን ምንም ያህል ቢያምር፣ ቀይ ብርሃን ለሚረጭ መሣሪያ ባዶ ወረቀት ነው። ከግራና ከቀኝ የሚተወው ነጭ ዳርም ለጌጥ የተተወ አይደለም፤ ምልክቱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን መሣሪያው የሚያውቀው በእሱ ነው። በዚያ ዳር ላይ ማኅተም የሚመታ ወይም ፕላስተር የሚለጥፍ ሰው የባርኮዱን ግማሽ እንደ ፋቀ ይቈጠር።

በሱቅ ዕቃ ላይ ያለው የተለመደው ባርኮድ 13 አኀዝ አለው። ከእነዚህ የመጨረሻው የዕቃው ስም አይደለም፤ የቀሩትን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። እርሳስ በእጁ ያለ አንባቢ ይሞክረው። የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት አኀዞች 123456789012 ናቸው እንበል። ከግራ ጀምረን በጎዶሎ ተራ የቆሙትን 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 1ን ስንደምር 26 ይሆናል። በሙሉ ተራ የቆሙት 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 0 እና 2 ደግሞ 22 ናቸው፤ በ3 ሲባዙ 66። ሁለቱ ድምሮች ሲገናኙ 92 ይሆናሉ። 100 ለመሙላት 8 ስለሚጐድል፣ ዐሥራ ሦስተኛው አኀዝ 8 ይሆናል። መሣሪያው ባነበበ ቍጥር ይህን ሒሳብ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይሠራዋል፤ ካልገጠመለት ዝም ይላል። ከዐሥራ ሦስቱ አንዱ ብቻ ተሳስቶ ቢነበብ ዘበኛው ሳይዘው አይቀርም። ሁለት ሆነው ቢሳሳቱ ግን ከዐሥር አንድ ጊዜ ያህል ሊያመልጡት ይችላሉ። ደግሞ መለያው ተቀዶ ቍጥሩን በእጅ የሚጽፍ ሠራተኛ 1ንና 6ን፣ ወይም 2ንና 7ን፣ ጎን ለጎን ያሉትን ቢያቀያይር፣ ልዩነታቸው አምስት ስለ ሆነ ሒሳቡ እንደ ገጠመ ይቀራል፤ ዘበኛውም አያውቅም።

ዝም ማለቱን ብዙ ሰው ብልሽት ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ ነገር ሐሳቤ ሌላ ነው። አላነብም ብሎ ዝም የሚል መሣሪያ ጕዳቱ ሥራ ማዘግየት ብቻ ነው። የሚያስፈራው ያልተጻፈውን አንብቤአለሁ ብሎ ጢጥ የሚለው ነው። ለዚህ የሚዳርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አለማወቁ አይደለም፤ ከሚፈለገው በላይ ማወቁ ነው።

ነገሩን ላብራራው። የባርኮድ ጽሕፈት አንድ አይደለም፤ እንደ ቋንቋ ብዙ ነው። የሱቁ አለ። ኮድ 39 የሚሉት አለ፤ ፊደልም ቍጥርም ይጽፋል። ኮድ 128 አለ። በ1972 የወጣውና በመጻሕፍት ቤቶችና በደም ባንኮች ብዙ ያገለገለው ኮዳባር አለ። በትልልቅ ካርቶኖች ላይ የሚታየው ኢንተርሊቭድ 2 ኦፍ 5 የሚባለው አለ። ፋብሪካው መሣሪያውን ሲሸጥ ለማን እንደሚሸጠው ስለማያውቅ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹን ክፍት አድርጎ ይልከዋል። ገዢውም ከሣጥኑ አውጥቶ ሽቦውን ይሰካል፤ ጢጥ ሲልለት ተደስቶ ሥራ ይጀምራል። በየትኛውም ቋንቋ ሰላም ያለውን ሁሉ የሚያስገባ በር ጠባቂ ቀጠረ ማለት ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በሰው ጕዳት ነው። በምሠራበት መጻሕፍት ቤት እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ መለያ ቍጥር በ14 አኀዝ ኮዳባር ታትሞ ጀርባው ላይ ይለጠፍበት ነበረ። ከዚያው ጎን አሳታሚው ያተመው የመጽሐፉ የንግድ ባርኮድ አለ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የእኛ ቍጥር የዚያች የአንዲቷ ቅጂ ብቻ ነው፤ የአሳታሚው ቍጥር ግን ለቅጂዎቹ ሁሉ አንድ ነው። መሣሪያችን ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ እጃችን ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ አንዱን ይለቅማል። መዝገባችንም ከሁለቱ የትኛውም ቢመጣለት መጽሐፉን ይፈልግ ነበረ። በዚህ መካከል አንድ ተማሪ መጽሐፉን ሲመልስ የተነበበው የአሳታሚው ቍጥር ሆነና፣ መዝገቡ በዚያ ቍጥር መጀመሪያ ያገኘውን ሌላ ቅጂ ተመላሽ አደረገ። የልጁ ስም ከዕዳ አልወጣም። ነገሩ የታወቀው ሊመረቅ ክሊራንስ ሲያስሞላ ነው። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ አልመለስህም ተብሎ፣ ሥራ ሊቀጠርበት የነበረውን ሰነድ ሳይወስድ ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። መድኀኒቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበረ፤ በመበደሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለው መሣሪያ ከኮዳባር በቀር ሌላውን ሁሉ እንዳያነብ ዘጋነው፤ ርዝመቱም ከ14 አኀዝ እንዳይጐድል እንዳይበልጥ አደረግን። ያ ልጅ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

የርዝመቱ ነገር በተለይ በካርቶን ላይ ትልቅ ነው። ኢንተርሊቭድ 2 ኦፍ 5 የተባለው ጽሕፈት መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያመለክትባቸው መሥመሮች እጅግ ቀላል ናቸው፤ እነሱን የሚመስል ቅርፅ በመካከልም ሊገኝ ይችላል። ብርሃኑ ባርኮዱን ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም ሰያፍ ቈርጦ ከላይ በኩል ቢወጣ፣ መሣሪያው ከ14ቱ አኀዞች 6ቱን ወይም 8ቱን ብቻ አይቶ «ጨርሻለሁ» ሊል ይችላል። አኀዞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚጻፉ ዐጭሩ ንባብም ሙሉ ንባብ መስሎ ይታያል። በካርቶን ላይ ባርኮዱን ከላይና ከታች፣ አንዳንዴም ዙሪያውን፣ ያጠረውን ወፍራም ጥቁር መሥመር አይታችሁ ጌጥ መስሏችሁ እንደ ሆነ፣ ጌጥ አይደለም፤ አጥር ነው። ሰያፍ የሄደው ብርሃን ከጥቁሩ ጋር ተጋጭቶ ንባቡ እንዲፈርስ የተሠራ ነው። አጥር ለሌለው ደግሞ መሣሪያውን «14 ካልሆነ አትቀበል» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። እንደዚሁም በዚህ ጽሕፈት፣ በኮድ 39ና በኮዳባር ዘበኛው አኀዝ በውዴታ የሚጨመር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በመለያው ላይ አሳትሞት ሳለ መሣሪያው እንዲያየው ካልታዘዘ ግን ዘበኛ ቀጥሮ በሩን ክፍት ማደር ይሆናል።

ትእዛዙ የሚሰጠው እንዴት ነው? ይህ ሁልጊዜ ያስቀኛል። መሣሪያው የሚታዘዘው በባርኮድ ነው። ከእሱ ጋር የሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ገጾቹ በባርኮድ የተሞሉ ናቸው፤ አንዱ «ኮድ 39ን ዝጋ» ይላል፣ አንዱ «ርዝመት ወስን»፣ አንዱ «ሁለት ጊዜ አንብበህ ሁለቱ ካልተስማሙ አትቀበል»። ይህ የመጨረሻው፣ መለያቸው ለደበዘዘባቸው መጋዘኖች እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሥራውን በጥቂቱ ያዘገየዋል፣ ያልተጻፈ ከማንበብ ግን ያድነዋል። የሚፈለገውን መርጦ በመሣሪያው ማንበብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስታውሰዋል። ከገጾቹ አንዱ ግን «የፋብሪካውን ሥርዓት መልስ» የሚለው ነው፤ አንድ የማያውቅ ሰው በጨዋታ ቢያነበው የተዘጋው በር ሁሉ መልሶ ይከፈታል። ስለዚህ የመረጣችኋቸውን ትእዛዞች በአንድ ወረቀት በተራቸው ለጥፋችሁ፣ መሣሪያው ቢለወጥ እንዲገኝ በፋይል አኑሩ፤ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አርቁት። በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ «ከእንግዲህ ትእዛዝ አትቀበል» ብሎ መቈለፍም ይቻላል።

ስለ ኮምፒዩተሩ ወገን በዐጭሩ ልለፍ። ብዙው መሣሪያ ራሱን ለኮምፒዩተር የሚያቀርበው እንደ መጻፊያ ገበታ ነው፤ ያነበበውን ሰው እንደ ጻፈው አድርጎ ያስገባል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ክፍት ሆኖ ሳለ የላቲን ፊደል ያለበትን ባርኮድ ብታነቡ ፊደሉ በግእዝ ፊደል ሆኖ ቢወጣ አትደነቁ። ኮምፒዩተሩ በፈረንሳይ ገበታ ተደርጎ መሣሪያው በአሜሪካ ገበታ ከሆነ ደግሞ በቍጥሮቹ ፈንታ የሥርዓተ ነጥብ መዓት ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ ወደሚቀጥለው መሥመር እንዲወርድ ካላዘዛችሁት ሁለት ቍጥር ተጣብቆ አንድ ይሆናል። ንባቡን በኤክሴል የሚቀበሉ ተማሪዎችም ሣጥኖቹን አስቀድመው በጽሑፍ ዐይነት ያድርጉ፤ አለዚያ በቍጥሩ መነሻ ያለው ዜሮ ይጠፋል፤ ከ15 አኀዝ የሚያልፈውም ጭራው ዜሮ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርሁት በወረቀትና በመጽሐፍ ላይ የሚደርስ ነው፤ ቢበዛ ደመወዝ ያስቈርጣል፣ ምረቃ ያዘገያል። በሐኪም ቤት ግን ባርኮዱ የሚታሰረው በሕመምተኛው ክንድ ላይ ነው። ክሊኒካል ኬሚስትሪ የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2010 ባወጣው አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የደም ስኳር መለኪያዎች በክንድ ላይ ያለውን ባርኮድ አሳስተው በማንበብ የተሳሳተ የሕመምተኛ ቍጥር እንደ መዘገቡ ተገልጿል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት፣ የታተመው መለያ እንከን ያለበት መሆኑን፣ የመሣሪያው ዐይን ለመሥመሮቹ ቅጥነት የማይመጥን መሆኑን፣ ማተሚያው በሚገባ አለመስተካከሉንና ባርኮዱ የታተመበትን አቅጣጫ ነው። አንባቢ ይህን ቆም ብሎ ያስበው። የአንዱ ሰው ስኳር በሌላው ስም ቢጻፍ፣ ኢንሱሊን የሚታዘዝለት ማን ነው? እዚህ ላይ መሣሪያውን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ነርሷ በመሣሪያው ላይ የወጣውን ስም አንብባ፣ ተኝቶ ያለውን ሰው «ስምዎን ማን ልበል?» ብላ መጠየቋ ይቅር የሚባል ሥራ አይደለም። ክንድ ክብ ስለ ሆነም ባርኮዱ ዙሪያውን ተጠምዞ መጨረሻው ከዐይን እንዳይሰወር፣ መሥመሮቹ እንደ መሰላል መርገጫ ቢደረደሩ ሙሉው ምልክት በአንድ ጊዜ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ሰኞ እንመለስ።

ግምጃ ቤቱ ስንደርስ ኀላፊው ፊታቸው አልፈታም፤ ቢሆንም አልከለከሉንም። ከካርቶኖቹ አንዱን አስነሣሁና ልጁን «እንደዚያ ቀን አድርገህ አርባ ጊዜ አሳልፍ፤ እኔ በእጄ እቈጥራለሁ» አልሁት። ካርቶኑ ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ ፈጠን ፈጠን እያለ አሳለፈ፤ ሃያን ሲያልፍ ደከመው፤ ካርቶኑን በመሣሪያው ፊት አሳርፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ይገፋው ጀመር። አርባ ሲሞላ ኮምፒዩተሩን አየነው። 42 ይላል።

ድምፁን እንዲያበሩት ለመንሁና እንደ ገና ጀመርን። ካርቶኑ በመሣሪያው ፊት ባረፈ ጊዜ ጢጥ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ፣ ካርቶኑ ከቦታው ሳይነሣ፣ እንደ ገና ጢጥ አለ። ኀላፊው ከወንበራቸው ተነሡ።

ነገሩ ይኸው ነው። በማቆሚያ ላይ የተተከለ መሣሪያ ማንም ሳይጫነው በፊቱ ያየውን ያነባል። ያንኑ መለያ ደግሞ እንዳያነብ የሚያግደው በሴኮንድና በሴኮንድ ዐሥረኛ የሚወሰን አንድ የመቈያ ጊዜ ነው። ፋብሪካው ያን ጊዜ ዐጭር አድርጎት ነበረ፤ ካርቶኑ ከዚያ በላይ ከዘገየ እንደ አዲስ ይቈጠራል። የወረቀት ካርቶኖች ሁሉ የሚይዙት አንድ ዐይነት ቍጥር ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለተኛው ንባብ የሌላ ካርቶን ይሁን የዚያው ካርቶን የሚለይበት ምልክት የለውም። መሣሪያውም ኮምፒዩተሩም እንደ ታዘዙት ሠርተዋል።

የመመሪያው መጽሐፍ ከመሳቢያ ሥር፣ ከነፕላስቲኩ፣ ተገኘ። የመቈያውን ጊዜ ወደ ሦስት ሴኮንድ አሳደግነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ልጁ ሁለት ካርቶን ፈጠን ብሎ ቢያሳልፍ ሁለተኛው ሳይቈጠር አለፈ። አንዱን ቀዳዳ ስንደፍን ሌላው ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ከማቆሚያው አነሣነው፤ ቃታው ካልተሳበ እንዳያነብ፣ በአንድ ስበት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳያነብ አዘዝነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አርባ አርባ አሳለፍን። ሦስቱንም ጊዜ 40 ሆነ። እግረ መንገዴን ያልተፈለጉትን ቋንቋዎች ዘጋሁላቸው፤ የካርቶኑንም ርዝመት በ14 ወሰንሁ።

በማግሥቱ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ራሳቸው መጥተው የድሮውን ሥርዓት እንድንመልስላቸው አዘዙ። ኮታቸውን አውልቀው አርባ ካርቶን በእጃቸው አሳለፉ። ኮምፒዩተሩ 41 አላቸው። ላባቸውን ጠርገው ሒሳብ ክፍል ሰው ላኩ፤ የነጋዴው የማስረከቢያ ወረቀት ከክፍያው ሰነድ ተፈትቶ መጣ። 40 ካርቶን ይላል። ክፍያውም የተፈጸመው ለ40 ነበረ። ደመወዝ የሚያስቈርጠው ደብዳቤ በሳምንቱ ተሻረ፤ የመሻሪያው ደብዳቤ ግን «በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት» ይላል። መሣሪያው አልተበላሸም ብዬ ልከራከር አስቤ፣ ልጁ በዐይኑ ስለ ለመነኝ ተውሁት።

አሁን የመረጥናቸው ትእዛዞች በአንድ ወረቀት ሆነው በግምጃ ቤቱ ፋይል ውስጥ አሉ። ድምፁም በርቷል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛቸውን ወደ መስኮቱ አዛውረዋል። ልጁ ካርቶን በሚረከብበት ቀን ግን መሣሪያው ጢጥ ባለ ቍጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል አሉኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ።